የጌጤነሽ አረንጓዴ በርሜል

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዚህ ተረት በረት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነው። ላም የለበትም፤ ሠራተኛ ነው የሞላበት። ሠራተኛውም ከጠዋት እስከ ማታ ወረቀት ያትማል፣ ወረቀት ይፈርማል፣ ወረቀት ይጥላል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ መዝገብ ቤት አለ። የመዝገብ ቤቷ ሹም ጌጤነሽ ትባላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ባንድ ገጹ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ሲጣል አይታ ዝም ብላ አታውቅም። ጀርባው ነጭ ከሆነ ማስታወሻ ታደርገዋለች፤ ሁለቱም ገጽ ካለቀ አጣጥፋ ማዳበሪያ ውስጥ ትከተዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች አራት ማዳበሪያ ሞልታ ከጠረጴዛዋ ሥር ደርድራለች። እግሯን እንኳ የምትዘረጋበት ቦታ የላትም። «ምን ሊሆንሽ ነው?» ሲሏት «ቀን ይወጣለታል» ነው መልሷ።

ቀን ወጣለት። ድርጅቱ «ብክነት ይቀነስ» ብሎ አወጀ፤ ለየፎቁም ክዳን ያለው አረንጓዴ በርሜል ታደለ። በሁለት ሳምንቱ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ የወረቀት ፋብሪካ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ይመጣል፤ በርሜል ውስጥ ያለውን ወረቀት ወስዶ እንደገና ወረቀት ያደርገዋል። ከበርሜል ውጭ የተገኘ ክምር ግን፣ ከጠረጴዛ ሥርም ቢሆን፣ በዚያው ዕለት በቆሻሻ መኪና ይነሳል። ይሄ ሁሉ ደግ ነበር። ግን መዝገብ ቤት ወረቀት ያስቀምጣል እንጂ አይጥልም ተባለና ሦስተኛ ፎቅ ተዘለለ።

መዘለሉስ ባልከፋ። የከፋው የአራተኛ ፎቋ እታገኝ ነገር ነው። እታገኝ የዕቅድ ክፍል ናት፤ ከጌጤነሽ ጋር ባንድ ሳምንት ነው የተቀጠሩት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዷ ጫማ ስትቀይር ሌላዋ ሳታይ ቀርታ አታውቅም። ይኸው አሁን እታገኝ አረንጓዴ በርሜሏን ተደግፋ ፎቶ ተነሳች። ፎቶው መግቢያው ላይ «ወረቀት ቆጣቢያችን» ተብሎ ተለጠፈ። ይባስ ብላ በርሜሏን በቁልፍ ቆለፈችው።

«ምን ያህል ብትሞላው ነው የቆለፈችው?» አለች ጌጤነሽ በሆዷ። «እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለቅም፣ እሷ አንድ ቀን ቆማ ፎቶ ተነሳች።» በፎቶው ሥር ባለፈች ቁጥር አንጀቷ ያርር ጀመር። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይባላል፤ የጌጤነሽ ግን ጉልበት ሆናት። ረቡዕ ጠዋት ተነስታ ወደ መጋዘን ወረደች። የፈለገችው አንድ በርሜል ብቻ ነው።

መጋዘን ጠባቂው ጋሽ ይማም ናቸው። «ስምንተኛው በርሜል ይኸውና፣ አቧራ ለብሶ ቆሟል» አሏት።

«እንግዲያው ይስጡኛ፣ ጋሽ ይማም።»

«ያለ ሞዴል ሃያ? አንቺ ራስሽ መዝገብ ቤት ሆነሽ ዕቃ ያለ መጠየቂያ ይወጣል ትያለሽ? በይ ይኸው ቅጹ፣ ሙይው። አቶ ሰይፉ ካልፈረሙበት ግን አልቀበልሽም።»

ፊርማ ከሌለ ጋሽ ይማም በርሜል አይሰጡም፤ በርሜል ከሌለ የጌጤነሽ ወረቀት ዓርብ ቆሻሻ መኪና ላይ ነው።

ጌጤነሽ ቅጹን ሞልታ አቶ ሰይፉ ዘንድ ወጣች። አቶ ሰይፉ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ናቸው፤ ብዕራቸውን ሲያነሱ እንኳ ያስባሉ።

«ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ መፈረሙን እፈርማለሁ። ግን በርሜሉ ለምን እንዳስፈለገዎት የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዘው ያምጡ።»

እሷም ከቦርሳዋ ጀርባው ነጭ የሆነ ወረቀት አወጣች፤ እዚያው ቆማ አምስት መስመር ጻፈችና አቀረበች። አቶ ሰይፉ አነበቡት፤ ከዚያ ገለበጡት። በወዲያኛው ገጽ የአምና የዓመት ፈቃድ ሠንጠረዥ አለ።

«ይሄ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ያውም ጀርባው ላይ ሌላ ነገር አለበት። በኮምፒውተር ተጽፎ፣ በንጹሕ ወረቀት ታትሞ ይምጣ።»

ብክነት ይቀነስ ያለውን ማስታወቂያ የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ጌጤነሽ ግን ይህን አላነሳችባቸውም፤ ፈራሚ አይቆጡትም። የእጅ ጽሑፏን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ወረቀት ጥላ አታውቅማ።

ደብዳቤ ከሌለ አቶ ሰይፉ አይፈርሙም፤ አቶ ሰይፉ ካልፈረሙ ጋሽ ይማም በርሜል አይሰጡም፤ በርሜል ከሌለ የጌጤነሽ ወረቀት ዓርብ ቆሻሻ መኪና ላይ ነው። እታገኝ ግን ይኸው በርሜሏ ላይ ክንዷን ጥላ መግቢያው ላይ ትስቃለች።

የሦስተኛ ፎቅ ጸሐፊ መቅደስ ትባላለች፤ ጣቷ ፈጣን ነው። ደብዳቤውን በአምስት ደቂቃ ጻፈችው። ጽፋ ስታበቃ ግን እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«አትሚዋ» አለቻት ጌጤነሽ።

«በምን ላትም፣ እትዬ ጌጤ? ፕሪንተሩ ሆዱ ባዶ ነው። ቶነሩ አልቆ አውጥቼ መስኮት ላይ ካስቀመጥኩት ሳምንት አለፈው። ሌላ ፎቅ ሄዶ ማተም ደግሞ ከተከለከለ ቆየ።»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ምን ስታደርጊ ነበር?»

«በኢሜይል ነው የምልከው። ማንም ወረቀት የጠየቀኝ የለም፤ ካንቺ በቀር።»

ይቺ ነገር ጌጤነሽን ትንሽ ወጋ አደረገቻት። ቢሆንም ስድስተኛ ፎቅ ወዳለው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ወደ ናሆም ወጣች።

«የሞላ ቶነር አለኝ» አለ ናሆም። «ግን ባዶውን ሳታመጪ አልሰጥሽም። ባዶ ቶነር ሜዳ ላይ እንዳይጣል መመሪያ ወጥቷል፤ ተሰብስቦ ቀለም ለሚሞላው ድርጅት ይመለሳል።»

መመሪያው ጥሩ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ጌጤነሽ ታመሰግነው ነበር። ዛሬ ግን ረቡዕ መሽቶ ሐሙስ ሊሆን ነው፤ ወርዳ ስታይ ደግሞ መስኮቱ ላይ ባዶ ቶነር የለም።

ባዶው ቶነር ካልተገኘ ናሆም የሞላውን አይሰጥም፤ ናሆም ካልሰጠ ፕሪንተሩ አያትምም፤ ፕሪንተሩ ካላተመ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ አቶ ሰይፉ አይፈርሙም፤ አቶ ሰይፉ ካልፈረሙ ጋሽ ይማም በርሜል አይሰጡም፤ በርሜል ከሌለ የጌጤነሽ ወረቀት ዓርብ ቆሻሻ መኪና ላይ ነው።

መስኮቱን የምታጸዳው እትዬ ላቀች ናት። ሐሙስ ጠዋት ደረጃ ስትወለውል ጌጤነሽ አገኘቻት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለች ላቀች መወልወያዋን ተደግፋ። «የሚታደስ ነገር አረንጓዴው በርሜል ውስጥ ነው ብላችሁ አስተማራችሁን። እዚህ ፎቅ አረንጓዴ የለ። ይታደስ ብዬ ይዤው ወጣሁና አራተኛ ፎቅ፣ እታገኝ በርሜል ውስጥ ከተትኩት። በማግሥቱ ነው የቆለፈችው።»

ከሰባቱ በርሜል ሁሉ የእታገኝ! ጌጤነሽ ስምንት ፎቅ ሙሉ ሰው ለምናለች፤ ጋሽ ይማምን ለምናለች፣ አቶ ሰይፉን ለምናለች። እታገኝን መለመን ግን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ አልሞከረችም። እሱንም ልትሞክር አራተኛ ፎቅ ወጣች።

«እንደምን አደርሽ፣ ወይዘሮ እታገኝ። በርሜልሽ ውስጥ በስህተት የገባ የኛ ፎቅ ቶነር አለ። እባክሽ ክፈችልኝ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

እታገኝ ቁልፉን ከአንገቷ ላይ ጨበጥ አደረገች። «ዓርብ እንጂ አይከፈትም።»

«ዓርብማ ለኔ መሽቷል።»

«አይከፈትም አልኩሽ እኮ፣ ጌጤነሽ።»

ጌጤነሽ እየነደደች ወረደች። ያን ቀን ምሳዋንም በወጉ አልበላች። ሞልታዋለች፣ እስከ አፉ ሞልታዋለች፤ አንድ ቅጠል እንዳይነካባት ነው፣ እያለች ታሰላስል ነበር።

እታገኝ ቁልፍ አልሰጥም አለች፤ ቁልፍ ከሌለ የእሷ በርሜል አይከፈትም፤ በርሜሏ ካልተከፈተ ባዶው ቶነር አይወጣም፤ ባዶው ካልወጣ ናሆም የሞላውን አይሰጥም፤ ናሆም ካልሰጠ ፕሪንተሩ አያትምም፤ ፕሪንተሩ ካላተመ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ አቶ ሰይፉ አይፈርሙም፤ አቶ ሰይፉ ካልፈረሙ ጋሽ ይማም በርሜል አይሰጡም፤ በርሜል ከሌለ የጌጤነሽ ወረቀት ዓርብ ቆሻሻ መኪና ላይ ነው። ዓርብ ደግሞ ነገ ነው።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የቆሻሻ መኪናው ግቢ ገባ። ጫኞቹ ከላይኛው ፎቅ ጀመሩ። ጌጤነሽ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልቅሟን አንድ ጊዜ አየችና አራተኛ ፎቅ በሩጫ ወጣች። እታገኝ በርሜሏ አጠገብ ወንበር አስቀምጣ፣ እሷ ግን ቆማ ትጠብቃለች።

«ክፈችው!»

«አልከፍትም።»

ጌጤነሽ ያኔ ትዕግሥቷ አለቀ። በመዳፏ በርሜሉን መታችው።

በርሜሉ እንደ ከበሮ ጮኸ። ከውስጡ አንድ ነገር ብቻ ሲንከባለል ተሰማ፤ ያ ነገር ቶነሩ ነው። ወረቀት የሞላበት በርሜል እንዲህ አይጮኽም። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«ባዶ ነው» አለች ጌጤነሽ ቀስ ብላ።

እታገኝ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። «የዕቅድ ክፍል ወረቀት ካየ ስንት ጊዜው። ሁሉም በኮምፒውተር ነው። መጀመሪያ ቀን ፎቶ አነሱኝ፤ ከዚያ ወዲያ የምጨምርበት አጣሁ። ክዳኑን የከፈተ ሁሉ እንዳይስቅብኝ ቆለፍኩት። ዛሬ መኪናው ሲመጣ ምን ልል ነው?» ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። «አንቺ ከጠረጴዛሽ ሥር አራት ማዳበሪያ አለሽ። በደረጃው በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር አየዋለሁ። በቅናት አልቄልሽ ነበር።»

ይህን ስትሰማ የጌጤነሽ ልብ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ያሰበችው ወደ መግቢያው ወርዳ ለሁሉም ማውራት ነው። ከዚያ ግን አንድ ነገር ገባት። ሁለት ሳምንት ሙሉ የቀናችው በባዶ በርሜል ነው። በእሷ ማዳበሪያ ደግሞ ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ የቀናባት ሰው ነበረ። ቅናቷ እንዲህ ካሳ ሲያገኝ ቀለል አላት። ወረደች፣ አንዱን ማዳበሪያ ተሸከመች፣ እያለከለከች ተመልሳ ወጣች።

«ያዢ። አንዱ ያንቺ ነው።»

«የሰው ወርቅ አያደምቅም» አለች እታገኝ ዓይኗ እንባ አቅሮ።

«ወርቅ አይደለም፤ ያለቀ ወረቀት ነው። ክፈችው አሁን፣ መኪናው አይጠብቅም።»

ማዳበሪያው መጣ፤ እታገኝ ቁልፉን አወጣች። ቁልፉ በርሜሉን ከፈተ፤ በርሜሉ ባዶውን ቶነር መለሰ፤ ባዶው ቶነር የሞላውን ከናሆም አመጣ፤ የሞላው ቶነር ፕሪንተሩን አስነሳ፤ ፕሪንተሩ ደብዳቤውን አተመ፤ ደብዳቤው አቶ ሰይፉን አስፈረመ፤ ፊርማው የጋሽ ይማምን መጋዘን አስከፈተ፤ ጋሽ ይማምም አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው በርሜሉን አወጡ። ጫኞቹ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ የጌጤነሽ ወረቀት በአረንጓዴው ውስጥ ነበር። አንድ ቅጠል አልነኩም።

ስድስት ሰዓት ላይ የፋብሪካው መኪና መጣ። ከሦስተኛ ፎቅ ሦስት ማዳበሪያ ወረቀት፣ ከአራተኛ ፎቅ አንድ ማዳበሪያ ጭኖ ሄደ። የጌጤነሽም ፎቶ መግቢያው ላይ ተለጠፈ። የእታገኝ ከእሷ በሁለት ጣት ከፍ ብሎ መለጠፉን አይታለች፤ ግን አልፋው ወደ ፎቋ ወጣች።

ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። ከስንት ዓመት በኋላ እግሯ ሳይታጠፍ ተዘረጋ። በርሜሉ አጠገቧ ቆሟል። ክዳኑን አንስታ ወደ ውስጥ አየች። ምንም የለበትም። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ስትሰማ ቶሎ ከደነችው።

የመጣችው እታገኝ ናት፤ እጇ ላይ የበርሜሏን ቁልፍ ከነመክፈቻው ይዛለች። «እንኪ» አለቻት። «ለሞላ በርሜል አያስፈልግም፤ ለባዶ ነው የሚያስፈልገው። እኔ ተገላግዬዋለሁ።»

ጌጤነሽ ቁልፉን አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና አቶ ሰይፉ የመለሱባትን ደብዳቤ አወጣች። በአንድ ገጹ የዓመት ፈቃድ፣ በሌላው ገጹ «አንድ በርሜል እንዲሰጠኝ» የሚል የእጅ ጽሑፍ። ሁለቱም ገጽ አልቋል። አጣጥፋ በርሜሉ ውስጥ ጣለችው።

«ባዶ አይደለም» አለች።

እታገኝ አንገቷን አስግጋ አየች፤ ዓይኗም በቅናት ቀላ። «ሌላ የለሽም?» አለቻት።

ተረቴ አለቀ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ፤ ዳቦው የተጠቀለለበትን ወረቀት ግን እንዳትጥሉት። ሁለት ሴቶች ይጠብቁታል።