የሕፃኑ ስንዝር

«ውሃ ላይ ማንም አያይሽም፣ ልጄ። ስንዝርሽ ግን ያይሻል።»

አንጓች ገና ልጅ ሳለች አባቷ እንዲህ ብሏት ነበር፤ ታንኳው ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ውሃ ውስጥ እየነከረ።

በድሮ ዘመን ነው፣ ልጆች። ሐይቁ መሬቱን ገባ ብሎ በያዘበት ወሽመጥ ዳር፣ ደንገል በከበበው መንደር ትኖር ነበር። ዓይኗ ብዙ ያያል፣ አፏ ጥቂት ይናገራል። አባቷ ሞቷል፤ ባሏን ማዕበል ወስዶታል። የቀራት ገና አፉን ያልፈታ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ባሏን ውሃ የበላባት ሴት ደጅ ገደቢስ ነው ተብሎ፣ ማንም አይረግጠውም ነበር።

በዚያው መንደር ደግሞ አያ ደምሌ የሚባል ብልጣብልጥ ነበር። ምላሱ ቅቤ፣ እጁ ወጥመድ።

ወሽመጡ ውስጥ ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ ዝንጉርጉር ዓሣ ነበር። እሱን የሚሻ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ መቅዘፊያው ታንኳውን መትቶ እንዳይጮኽ ይጠነቀቃል፤ ደንገሉ አልቆ ጥልቁ በሚጀምርበት ጠርዝ መንጠቆውን ይጥላል። ሕግም ነበረው። ከስንዝር ያነሰ ዓሣ፣ ነገ እንዲያድግ ወደ ውሃው ይመለሳል። የሚመለሰውም በረጠበ እጅ ነው፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን ይገፈዋልና። የማን ስንዝር? በታንኳው የነበረ ሰው ስንዝር!

ደምሌ ይህችን ሕግ አገላበጣት፣ አገላበጣትና አንድ ቀን አንጓች ደጅ ቆመ።

«እንዴት አደርሽ፣ አንጉዬ? ቤት ለእንግዳ?»

ደነገጠች። «እንዴት አደርሽ» የሚል ድምፅ ከሰማች ሰንብታለች።

«እግዜር ይመስገን። ግባ፣ አያ ደምሌ።»

«ልጅሽን እስቲ አውሺኝ። ንፋስ ይቀበል። ሲመለስ ዓሣ ይዞልሽ ይመጣል።»

ፈራች። ግን ቤቱ ባዶ ነው፣ ድስቱም ባዶ ነው። መቀነቷን ፈትታ ልጁን ከደምሌ ወገብ ጋር አጥብቃ አሰረችው።

ደምሌ ሲመለስ የወሽመጡ ዳኛ አባ ጎበዜ ቅርጫቱን አዩ።

«ይሄ ጣት ነው ዓሣ?»

«በታንኳዬ የነበረ ሰው ይለካዋ! አንቱ ያወጁት ሕግ አይደል?» አለና የሕፃኑን እጅ ዓሣው ላይ ዘረጋ። ዓሣው በለጠ። አባ ጎበዜ ራሳቸውን አከኩ፤ ሕግ ሕግ ነውና አሳለፉት።

ለአንጓች አንድ ዓሣና አንድ «ደኅና እደሪ» ደረሳት። ከዓሣው ይልቅ ሰላምታው ጣማት።

ሁለተኛም መጣ፤ ልጁን ሰጠችው። ቅርጫቱ ተለቀ፣ ዓሣው አነሰ።

ሦስተኛም መጣ፤ ሰጠችው። በዚያ ቀን ልጁ ሲመለስ እጁን ወደ እናቱ ዘረጋ። ልታቅፈው ጎንበስ አለች። እሱ ግን ትንንሽ ጣቶቹን ከፍቶ ጉንጯን ለካው።

አንጓች ያኔ ነገሩ ገባት፤ ልጇን አዝላ እየሮጠች አባ ጎበዜና ሽማግሌዎቹ ወደተቀመጡበት ዋርካ ሄደች። ደምሌም ነገሩ ገባውና ተከተላት።

«አባ፣ እጁን ያዋስኩት እኔ ነኝ። ወሽመጡ ያለ ዓሣ ጫጩት እየቀረ ነው።»

«ተይ፣ አንጉዬ!» አለ ደምሌ ዝቅ ብሎ። «ከእኔ ሌላ ደጅሽን ማን ይረግጣል?»

እውነቱን ነበር። እሷም ታውቃለች። ግን ወደ አባ ጎበዜ ዞረች።

«ሕጉ አይፍረስ፣ አባ። ግን በዚሁ ሕግ የታንኳ ርዝመት በባለቤቱ ስንዝር ሃያ አይደል? የአያ ደምሌ ስንዝር የልጄ ከሆነ፣ ታንኳውም በዚያው ይለካለት።»

ዋርካው ሥር ሳቅ ፈነዳ። ታንኳውን አምጥተው በሕፃኑ ስንዝር ሃያ ለክተው ቆረጡት። ገበቴ አከለ!

«በል ቅዘፋ፣ ጌታው!» አሉት።

ደምሌ ተቀመጠ፤ ታንኳው ተገለበጠ። የውሃ ሣር እንደ ጥምጥም ራሱ ላይ ጠምጥሞ ብቅ አለ።

«ደምሌ! ዛሬስ ዓሣው አንተን ለካህ!»

ከዚያ ወዲህ በወሽመጡ ሁሉም በገዛ እጁ ብቻ ይለካል። አያችሁ ልጆች፣ በሰው ስንዝር የሚያተርፍ፣ በዚያው ስንዝር ይጎድልበታል።

ደምሌ ግን ዳግመኛ አንጓች ደጅ አልቆመም። ሌላም ሰው አልቆመም። ሲስቁ የነበሩትም ስቀው ወደየቤታቸው ገቡ።

አንድ ማለዳ ልጇን አዝላ፣ የአባቷን አሮጌ ታንኳ ገፍታ ወጣች። ደንገሉ ከሚያልቅበት ጠርዝ መንጠቆዋን ጣለች። ብዙ ቆይታ አንዲት ዝንጉርጉር ዓሣ ያዘች። ስንዝሯን ዘረጋች። ዓሣዋ ጥፍር ታህል አነሰች።

በቀኝ ጉም፤ በግራ ደንገል። ማንም የለም። ልጁ ከጀርባዋ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ፣ ትንሿን እጁን ወደ ዓሣዋ ከፈተ።

ጣቶቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላ አጠፈችለት። ከዚያ እጇን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ዓሣዋን ለቀቀቻት።