ቀድማ የደረሰችው ፍላጻ

አንድ ጊዜ፣ ጠጋ በሉማ፣ እዚያ ጥግ ያላችሁትም ኑ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከሩቅ ሆኖ መስማት አይበጅም፤ አንድ ጊዜ፣ ልክ እንዳሁኑ ግንቦት ገብቶ፣ ሰማዩ ደመናውን እያሳየ ዝናቡን በነፈገበት ወራት፣ በቆላው አገር ወንዙ ሁሉ ደረቀ። የቀረው አንድ ኩሬ ብቻ ነበር። እሱንም አዞ ያዘው።

ያዘው ስላችሁ፣ ጠጥቶ አልሄደም፤ ገብቶ ተኛበት። ሚዳቋ ልትጠጣ ወረደች፣ አልተመለሰችም። ከርከሮ ወረደ፣ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ማን ይውረድ? አራዊቱ አፋፉ ላይ ተደርድረው ውሃውን በዓይናቸው ይጠጡት ጀመር። እማማ አህዪት ጡቷ ደርቆ፣ የወለደቻት ውርንጭላ ቆማ መሄድ አቃታት። በዓይን የጠጡት ውሃ ወተት አይሆን፣ ምን ታድርግ!

በመጨረሻ «አንድ ደህና ቀስተኛ እንምረጥና ይግደልልን» ተባባሉ።

በዚያ አገር ደግሞ ቀስተኛ የሚመረጥበት ወግ ነበር። ከአንዲት ጠባብ ሸለቆ ማዶ ዛፍ ላይ ቅል ይንጠለጠላል። ሁለት ቀስተኞች ጎን ለጎን ቆመው ፍላጻቸውን እኩል ይለቃሉ። ቀድሞ ቅሉን ቋ ያደረገ፣ እሱ ጀግና ነው። ከቅድመ አያት የመጣ ወግ ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ጦጢት በዚህ ተሸንፋ አታውቅም። ዘዴዋም ይኸው ነበር፤ ፍላጻዋን ከሸምበቆ ትሠራለች፣ ከዚያ ትፍቃታለች፣ ትፍቃታለች፣ ደግሞ ትፍቃታለች፣ እፍ ቢሏት የምትበር እስክትሆን ድረስ። ጫፏ ላይ ባልጩት እንኳ አታስርም። «ድንጋይ ይከብድብኛል» ትልና እሾህ ትሰካበታለች።

ያን ቀን ከጎኗ የቆመው ሽማግሌው ጃርት ነበር። ፍላጻው የወይራ ነው፤ አውራ ጣት ያክላል፤ ጫፉ ላይ የሰላ ባልጩት በጅማት ታስሮበታል።

«አባባ ጃርት፣ ይሄ ፍላጻ ነው ወይስ የቤት ምሰሶ?» አለ ቀበሮ።

«ምሰሶ ከሆነ ቤቱ የታለ?» አለ ጅብ፣ ዙሪያውን እያየ።

«ደግሞስ» አለ ቀበሮ፣ «ጀርባዎ ላይ ይህን ሁሉ ቀላል ፍላጻ ተሸክመው ምን እንጨት ፍለጋ አደከመዎት?»

«ጀርባዬ ላይ ያለው ለማስፈራሪያ ነው ልጄ» አለ ጃርት፣ የቀስቱን ጅማት እየገተረ። «አዞ ደግሞ አይፈራም።»

ለቀቁ። የጦጢት ፍላጻ ሽው ብላ ሄደች፤ ዓይን አልያዛትም። ቅሉ ቋ! አለ። የጃርት ፍላጻ ገና መንገድ ላይ ነው። አራዊቱ እልል ብለው ጦጢትን አነሷት፣ ትከሻቸው ላይ አወጧት። የሽማግሌው ፍላጻ ሲደርስ የሚያየው እንኳ አልነበረም።

ጦጢት ግን አየች። ከፍ አድርገው ይዘዋታላ! የሷ ፍላጻ ቅሉን ነካ አድርጋ እንደ ገለባ ወድቃለች። የጃርት ፍላጻ ከኋላ ቀስ ብሎ መጣና ቅሉን በዚህ ጎን በስቶ በዚያ ወጣ፤ ከዛፉ ግንድ ጋር ሰፋው። ልትናገርም ነበር። ነገር ግን እልልታው አላባራም፤ እልልታ ደግሞ ይጣፍጣል። ዝም አለች።

በማግስቱ ሁሉም ወደ ኩሬው ሄዱ።

«እንኮዬ ጦጢት፣ ምን ያወርድሻል?» አለ ቀበሮ። «ከዚህ ከሾላው ላይ ሆነሽ ልቀቂ። አንቺን ለመሰለ ፈጣን ከሩቁ ይበቃል።» ይህን ብሎ ወደ ጅብ ጠጋ አለና በጆሮው «አያ ጅቦ፣ የአዞ ጭራ ስብ ብቻ ነው አሉ። ቀድመህ ካልደረስክ ጥንብ አንሳ ይበላብሃል» አለው። የጅብ ምራቅ መሬቱን አረጠበው።

ጦጢት ከሾላው ላይ ለቀቀች። ፍላጻዋ አዞው ዓይኑን ሳይከድን ደረሰች፤ ትከሻው ላይ ጠቅ አለች። አዞው ቀስ ብሎ ዓይኖቹን ጨፈነ።

«ሞተ!» ብሎ ጅብ ቁልቁል በረረ። ጭራውን ሊገምጥ አፉን ሲከፍት፣ አዞው አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ማነው ያከከኝ? እጁ ይባረክ» አለ። «ትንሽ ወደ ግራ አድርጎልኝ ቢሆን!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አታስነግሩኝ። የጅብ የኋላ እግር አዞው አፍ ውስጥ ነበር፤ ጅብ እሪ ብሎ፣ ተንፈራግጦ፣ ቆዳውን እዚያው ጥሎ አመለጠ።

«አልሞተም ማለት ነው» አለ ቀበሮ፣ አፋፉ ላይ ሆኖ ረጋ ብሎ።

አራዊቱ አንገታቸውን ደፍተው ተበተኑ። እማማ አህዪት ብቻ ሾላው ሥር መጣች። ውርንጭላዋ ከኋላዋ መሬት ላይ ተዘርግታለች፤ ጆሮዋን እንኳ ዝንብ ሲያርፍበት አታንቀሳቅስም።

«ፍላጻሽ ደርሳ ነበር አይደል?» አለች። «እኔ አይቻለሁ፤ ደርሳለች።»

«ደርሳለች፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ነካት?»

ተቆጥታ ቢሆን ጦጢት በወደደች! አህዪት ግን እውነት አልገባትም ነበር፤ መጠየቋ ነው። ጦጢት ከሾላው ወረደችና ቀጥ ብላ ወደ ጃርት ጉድጓድ ሄደች።

«አባባ ጃርት፣ ቅሉን ያን ጊዜ አይቼው ነበር።»

«አውቃለሁ። ዓይንሽን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«እልል እየተባለ ማን ይሰማኛል? አንቺስ ምነው ዝም አልሽ?»

ጦጢት ጅራቷን እያሻሸች መሬት መሬት አየች። ሽማግሌው አላስጨነቃትም። ሁለት ፍላጻ አንስቶ መዳፏ ላይ አኖረላት፤ አንዱ ሸምበቆ፣ አንዱ ወይራ።

«ስሚኝ» አለ። «ጅማቱ ለሁለቱም የሚቋጥርላቸው ስንቅ አንድ ነው። ቀላሉ ስንቁን በሩጫ ይጨርሰዋል፤ ሲደርስ ባዶ እጁን ነው። ከባዱ ይዘገያል፣ ግን ስንቁን ይዞ ይደርሳል።»

«እንግዲያማ ከሁሉ የከበደውን ይስጡኝ!»

ጃርት ፈገግ አለና እንደ መቋሚያ የወፈረ እንጨት ሰጣት። ቀስቷን እስኪጮህ ድረስ ሳበች፣ ለቀቀች። እንጨቱ ዱብ ብሎ እግሯ ሥር ወደቀ፤ ጣቷን ሊቆርጣት ምንም አልቀረው።

«አየሽ፣ ከብዶ እግር ሥር መቅረትም አለ። በይ ፋቂው።»

ፋቀች። ፊት ለፊት ያለው ኩይሳ ላይ ሞከረች፤ ሄዳ ጥልቀቱን በጣቷ ለካች። ደግሞ ፋቀች፣ ደግሞ ለካች። ሦስተኛው ላይ ፍላጻው ኩይሳው ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ። ጦጢት እንደ ልማዷ ልትፍቅ ባልጩቷን አነሳች።

«እጅሽን መልሺ!» አለ ጃርት። «መፋቁንስ ታውቂበታለሽ። ያልተማርሽው ማቆሙን ነው።»

«እሺ። አሁን ከሾላው ላይ ልልቀቀው?»

«አይደርስም፤ ሾላው ሩቅ ነው። ከባድ ፍላጻ ቶሎ ወደ መሬት ያዘነብላል። ሃያ እርምጃ እስኪቀርሽ ድረስ ትጠጊዋለሽ፤ ከምትፈልጊው ቦታም አንድ ክንድ ከፍ አድርገሽ ታነጣጥሪያለሽ።»

«ሃያ?» አለች ጦጢት። «አባባ፣ እኔ እኮ የዛፍ ላይ ፍጥረት ነኝ።»

«እሱን ፍላጻው አያውቅልሽም» አለ ጃርት።

በማግስቱ ቀትር ላይ አዞው ኩሬው ዳር ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ጦጢት ብቻዋን ወረደች። አሸዋው እግሯን ይጠብሰዋል። መቶ እርምጃ ላይ ልቧ «ይበቃል» አላት። ስልሳ ላይ «ይበቃል እኮ!» አላት። አርባ ላይ ጥርሶቹን ቆጠረች። ወደ ኋላዋ ዘወር ስትል ሾላው ትንሽ ቁጥቋጦ መስሎ ታያት፤ ከአጠገቡ ደግሞ ያች የተዘረጋች ውርንጭላ። ዞረችና ሄደች። ሃያ ላይ ቆመች።

«መጣሽ፣ አካኪዬ?» አለ አዞው፣ እያዛጋ። «ዛሬ ደግሞ እዚህ ብብቴ ሥር አድርጊልኝ። ይበላኛል፤ እጄ አይደርስልኝም።» ይህን ብሎ የፊት እግሩን አነሳላት።

ጦጢት ጅማቱን ገተረች፣ አንድ ክንድ ከፍ አደረገች፣ ለቀቀች።

አዞው ፍላጻው ሲመጣ አየው። ቢፈልግ ውሃው አጠገቡ ነው፤ ጥልቅ ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን «ይቺማ ኤሊ ናት!» ብሎ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሳቁን አልጨረሰውም። ፍላጻው ብብቱ ሥር እስከ ላባው ድረስ ገባ። አዞው አንድ ጊዜ ተገለበጠ፣ በጭራው አሸዋውን መታ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ጦጢት እልልታ ጠብቃ አፋፉን አየች። እልል ያለ አልነበረም። ሁሉም ወደ ውሃው እየሮጠ ነበር። እሷም ቀስቷን ጣለችና እማማ አህዪትን ልትረዳ ሄደች፤ ውርንጭላዋን አንገቷን ደግፈው ወደ ኩሬው አደረሷት።

ውርንጭላዋ ጠጣች፣ አደገች፣ እሷም በተራዋ ወለደች። ጅብ እያነከሰ መጥቶ የአዞውን ሥጋ ከነጭራው ጨረሰ፤ ከኋላው ዝቅ ብሎ የሚሄደው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ይባላል። ቀበሮ በየመንደሩ እየዞረ «ምክሩ የኔ ነበር» ሲል ከረመ፤ ያመነውም አልጠፋ። ጃርት አርጅቶ በሰላም ሞተ። ጦጢት ወጣቶቹን ቀስት ስታስተምር ኖረች፤ ቅሉ ዛሬም ይንጠለጠላል፣ ማን ቀደመ የሚል ግን የለም፤ ተሻግረው ሄደው ቀዳዳውን ያያሉ።

ከዚህ የምንማረው ቃልም ሆነ ሥራ ቀድሞ በመድረሱ ሳይሆን ይዞት በሚደርሰው ነገር እንደሚመዘን፣ ክብደት ያለውን የያዘም ቀርቦ መቆምን መድፈር እንዳለበት ነው።