የእንግዶች ፍቅር የበዛበት ቡችላ

ተረት ተረት፣ የበዓል ቤት። በአንድ ግቢ አንዲት ውሻ ከቡችላዋ ጋር ትኖር ነበር። በፋሲካ ዕለት እንግዳው ሁሉ ቡችላውን ወደደው። ትናንት «ሂድ ከዚህ» ሲሉት የነበሩ ሰዎች የዶሮ አጥንት ይዘው «ና፣ ና» ይሉት ጀመር። እናቱ በአንገቱ አንጠልጥላ ከጎተራው ሥር አስገባችው።

«እማዬ፣ ሁሉም እየጠሩኝ እኮ ነው» አለ ቡችላው።

«የደበቅኩህ ለዚያ ነው። የዶሮ አጥንት ጉሮሮ ይወጋል» አለችው።

ይህን የሰማች አንዲት ኩሩ ድመት ሳቀች። «አይ አንቺ፣ ልጅሽን ከጥጋብ ታድኚዋለሽ? ሲጋብዙ መብላት ጨዋነት ነው» ብላ ወደ እንግዶቹ ሄደች። በጨዋነትም በላች፣ በላች።

ከሰዓት በኋላ ድመቷ ዓይኗ ፈጦ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ድምፅ አጥታ ተመለሰች። አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ነበር። ውሻዋ አፏን ወደ ድመቷ አፍ አስጠግታ አጥንቱን በፊት ጥርሷ ስባ አወጣችላት።

እንግዶቹ ይህን አይተው «በዓል እንዲህ ነው፤ ውሻና ድመት እንኳን ተሳሳሙ» ተባባሉ። ከደስታቸው ብዛትም ሌላ አጥንት ወረወሩላቸው።

ቡችላው ከጎተራው ሥር ብቅ ብሎ አጥንቱን አየና፣ ማንም ሳይጎትተው ተመልሶ ገባ።

ተረቴን ጨረስኩ፤ አፌን በዳቦ አብሱልኝ፣ አጥንቱ ይቅርብኝ።