እመት ጉሬዛና ንቦቿ

ተረት ልንገራችሁ፤ «የመሠረት» በሉኝና ጆሯችሁን አቅርቡ።

እመት ጉሬዛ የታወቀች ቀፎ ሠሪ ነበረች። ቀፎውን ከሐረግ ትጎነጉንና ዳር ዳሩን ከገዛ ጭራዋ በነጨችው ነጭ ጠጉር ታስጌጠዋለች። ከንቦቹ ንግሥት ጋርም «ቤቱ ከእኔ፣ ማሩ ከእናንተ» ብላ ተስማምታለች። ድሮ ጫካው ሁሉ ማር የሚወስደው ከእሷ ነበር። አሁን ግን ገበያው ቀዘቀዘባት። በተጨነቀች ቁጥር ጠጉሯን ስትነጭ ጭራዋ እንደ አለንጋ ቀጠነ።

አንድ ቀን ደንበኛዋ ጥርኝ መጥታ ማሩን ቀመሰች።

«ይጣፍጣል» አለች ከንፈሯን እየላሰች። «አያ ከርከሮ ጋ የበላሁት ራሱ ነው።»

ከርከሮ ቀፎ የሚሠራው ከተቦረቦረ ግንድ ነው፤ ላዩን እንኳ አይልገውም። ጉሬዛ ጥርኝ እስክትሄድ ጠብቃ የንቦቹን ንግሥት ጠራች።

«እመቤቴ፣ ከርከሮም ጋ ገብታችኋል እንዴ?»

«ልጆቼ ሲበዙ ግማሾቹን እዚያ ሰደድኳቸው» አለች ንግሥቲቱ ረጋ ብላ። «ቤት የሰጠን ሁሉ ጋ እንገባለን። እንደ አንቺ ቤት የሚያምር ግን አላየሁም።»

«እንግዲያው ጥላችሁኝ አትሄዱም?»

«ዛሬ አለን።»

ጉሬዛ የቀረቻትን አንዲት ዘለላ ጠጉር ነጭታ ቀፎው አፍ ላይ ሰካች። ከዚያም ድምፃቸው መኖሩን ለመስማት ጆሮዋን ለጠፈች። እኔ ተረቴን ቀፎው ካለበት ዛፍ ሥር ትቼ መጣሁ፤ እሷ ግን ጆሮዋን ከቀፎው አላነሳችም።