ደረቅ ምንጣፍ የፈለገችው ድመት

ሻሼ የምትባል ድመት ነበረች። ከዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከምሳ በኋላ ደረቅ ምንጣፍ ላይ መተኛት።

ምንጣፏ ግን ከዓሣዎቹ የመስታወት ገንዳ ሥር ነው። እዚያው ከገንዳው በታች አንድ ሳፋ አለ፤ ፓምፕ ከሳፋው ውሃ በቧንቧ ወደ ላይ ይገፋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ውሃው በወጣበት ቧንቧ ተመልሶ ወደ ሳፋው ይወርዳል። በዚያ ሰፈር ደግሞ መብራት ከምሳ በኋላ መጥፋት ልማዱ ነው።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ዝም ሲል የቤቱ ዕቃዎች የመናገር ተራ አገኙ።

«እባክህ አትፍሰስ» አለችው ሻሼ ሳፋውን፤ «አንተ ከፈሰስክ ምንጣፌ ይርሳል።»

«ቧንቧው መቼ አቆመ?» አለ ሳፋው።

«ቧንቧ ሆይ፣ አቁም እንጂ! አንተ ካላቆምክ ሳፋው ይፈሳል፤ ሳፋው ከፈሰሰ ምንጣፌ ይርሳል።»

«አየር ካልሳብኩ አላቆምም። አናቴ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ጠይቂያት።»

«ቀዳዳዬ፣ ተንፍሺ! አንቺ ካልተነፈስሽ ቧንቧው አያቆምም፤ ቧንቧው ካላቆመ ሳፋው ይፈሳል፤ ሳፋው ከፈሰሰ ምንጣፌ ይርሳል።»

«የገንዳው ቀንድ አውጣ አፌ ላይ ተኝቶ?»

«ቀንድ አውጣ፣ ተነሥ! አንተ ካልተነሣህ ቀዳዳዋ አትተነፍስም፤ ቀዳዳዋ ካልተነፈሰች ቧንቧው አያቆምም፤ ቧንቧው ካላቆመ ሳፋው ይፈሳል፤ ሳፋው ከፈሰሰ ምንጣፌ ይርሳል።»

«እኔ የምነሣው ሲጨልም ነው። መጋረጃው ይዘጋ።»

መጋረጃው ደግሞ፣ «ጄሪካኑ ጫፌን ረግጦኛል» አለ። ጄሪካኑም፣ «እስከ አፌ የሞሉኝን አቶ እንግዳሸትን ጠይቂ» አለ።

አቶ እንግዳሸት ነጭ ጋቢ ለብሰው ሶፋ ላይ ተጋድመዋል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ በመጣ ቁጥር ያገኙትን ዕቃ ሁሉ እስከ አፉ ይሞላሉ፤ ጄሪካኑን፣ ድስቱን፣ የአበባ ማስቀመጫውን። የዓሣዎቹንም ሳፋ።

«ጋሼ፣ ጄሪካኑን ያንሡልኝ» አለች ሻሼ። «ጄሪካኑ ካልተነሣ መጋረጃው አይዘጋም፤ መጋረጃው ካልተዘጋ ቀንድ አውጣው አይነሣም፤ ቀንድ አውጣው ካልተነሣ ቀዳዳዋ አትተነፍስም፤ ቀዳዳዋ ካልተነፈሰች ቧንቧው አያቆምም፤ ቧንቧው ካላቆመ ሳፋው ይፈሳል፤ ሳፋው ከፈሰሰ ምንጣፌ ይርሳል!»

«ሂጂ ወዲያ! ነገ ውሃ ባይመጣስ?»

ሻሼ ወደ ምንጣፏ ተመለሰች። ርሷል። አንዴ በጀርባዋ፣ አንዴ በሆዷ ተንከባለለችበት። ከዚያ መጥታ ጋቢው መሀል ተኛች።

«ኧረ ጋቢዬን! የሺ!»

ሚስታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ሳፋውን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኛ።»

«ጄሪካኑንስ?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ጋቢውንም አንተው እጠበው!»

አቶ እንግዳሸት እያጉረመረሙ ጄሪካኑን አነሡ፤ በውሃው ጋቢውን አጠቡ። ባዶ ጄሪካን ማየት ግን አይሆንላቸውም፤ ከሳፋው እየቀዱ ሞሉትና ሽንት ቤት አስቀመጡት። ሳፋው ጎደለ።

ጄሪካኑ ተነሣ፤ መጋረጃው ተዘጋ፤ ቀንድ አውጣው ነቅቶ መንገዱን ያዘ። በማግስቱ መብራት ሲጠፋ ቀዳዳዋ ተነፈሰች፤ ቧንቧው አቆመ፤ ሳፋው የወረደለትን ጥቂት ውሃ ያዘ፤ ምንጣፉ አልራሰም። ሻሼ ተኛች።

የጎደለ ሳፋ ግን አቶ እንግዳሸትን ዕረፍት ነሣቸው። የታጠበውን ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በጆግ ውሃ ይዘው ወደ ሳፋው ተጠጉ።

ሻሼ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ጆጉን አየች። ጋቢውን አየች።

አቶ እንግዳሸት ውሃውን ጠጡት።