የረውዳ የመጨረሻ ላሆህ

በግንብ በታጠረች አንዲት የጥንት ከተማ ሐጂ አብዱሰመድ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። በዚያች ከተማ አመሻሽ ላይ፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ምጣድ የማይጣድበት ቤት አልነበረም። አንዱ ጋ እንቁላልና ማር የገባበት ፈጢራ ይታጠፋል፤ ሌላው ጋ ቂጣው በቅቤ ተፈትፍቶ ጨጨብሳ ይሆናል። የሐጂ ልብ ግን ላሆህ ላይ ነበር፤ ሊጡ ቀጥኖ ምጣድ ላይ ሲፈስ ፊቱ ዓይን በዓይን የሚሆነው፣ ሳይገለበጥ የሚወጣው ለስላሳ ቂጣ። ባለቤታቸው ረውዳ ስትጋግረው መንገደኛ ይቆም ነበር።

ረውዳ ማሽላውን ከስንዴው ጋር እንዴት እንደምትመጥን ለማንም ሳትነግር ወደ አኼራ ሄደች። በእጇ ነፍታ ያስቀመጠችው ትንሽ ዱቄት ብቻ በማሰሮ ቀረ። ሐጂ ናፍቆቱ ሲብስባቸው ክዳኑን ከፍተው ያሸቱትና መልሰው ይከድኑታል።

"አባ፣ ነቀዝ ከሚበላው እርስዎ ይብሉት" አለቻቸው ልጃቸው ነጃት። የሱና ጾም በያዙበት ቀን ለማፍጠሪያ እንድትጋግረው ፈቀዱላት።

ጀንበር አዘቅዝቃ መግሪብ ሲቃረብ ላሆሁ በሰፌድ ፊታቸው ቀረበ። ያን ጊዜ የጎረቤታቸው የኸይረዲን ሚስት ዘይቱና በር ላይ ቆመች። ኸይረዲን በአጥር ድንበር ከሐጂ ጋር ተጣልቶ ሰላምታቸውን መመለስ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል።

"ሐጂ፣ አፉ ይበሉኝ" አለች አንገቷን ደፍታ። "ባለቤቴ ታሞ እህል በአፉ ካልዞረ ሰነበተ። አሁን ሽታው ሲመጣ 'ይህ የረውዳ ላሆህ ነው፤ እሱን ባገኝ እቀምስ ነበር' አለኝ።"

ሐጂ ላሆሁን ትክ ብለው አዩት። አዛን ሲባል በተምርና በውሃ አፈጠሩ፤ ሰግደውም ሰፌዱን አንስተው ተነሡ።

"አንዱን እንኳ ያስቀሩ!" አለች ነጃት።

"ለታመመ ሰው ቆንጥሬ ልውሰድለት ልጄ?"

ኸይረዲን ሲያያቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ነበር፤ አልቻለም። ሐጂ ከጎኑ ተቀምጠው "ቢስሚላህ በል" እያሉ በእጃቸው አጎረሱት። በልቶ፣ በልቶ፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ ከዋጠ በኋላ ባዶውን ሰፌድ አይቶ ደነገጠ።

"ሐጂ... እርስዎስ ቀመሱ?"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጂ።

ኸይረዲን ገባው። እጃቸውን ይዞ "አፉ በሉኝ" እያለ አለቀሰ።

ሲመለሱ ነጃት "አይቆጭዎትም?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ናፍቆቱ የኔ ነው፤ ዱቄቱ ግን የአላህ ነበር" አሏት።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሐጂ 'አልናፈቀኝም' አላሉም። ከዚያም በኋላ የምጣድ ሽታ ባለፈባቸው ቁጥር መንገድ ላይ ቆም ይሉ እንደነበር ያዩዋቸው ይናገራሉ። ሶብር፣ ማለትም ትዕግሥት፣ ልብን ማድረቅ አይደለም። ልብ እየፈለገ፣ እየራራም፣ እጅ ለመስጠት ሲዘረጋ ነው። የጠገብነውን መስጠት ለማናችንም አይከብድም፤ ሐጂ የሰጡት ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው የራባቸውን ነው።