ላብ መስሎ የታለፈ እንባ

አንድ ሰው በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ራሱ ላይ ትልቅ ነጭ ፎጣ ጥሏል፤ ፊቱ አይታይም። ትከሻው ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

ምን እያደረገ ይመስላችኋል? አዳራሹን የሞላው ሕዝብ በሙሉ የመለሰው መልስ አንድ ነበር፦ ላቡን ይጠርጋል።

ሰውየው ሆላንዳዊ ነበር፤ ስሙ ዊበ። እንጀራው ቴኒስ ነው። ቴኒስ ታውቃላችሁ፤ ሁለት ሰዎች ከመረብ ወዲህና ወዲያ ቆመው ኳስ በራኬት የሚመላልሱበት ጨዋታ ነው። ዊበ የዓለም አንደኛ አልነበረም። ትልልቆቹን ዋንጫዎች አላነሳም። ሆኖም ስሙ የሚታወቅ፣ ተጋጣሚዎቹ የሚፈሩት ተጫዋች ነበር። የሚፈሩት ደግሞ በጉልበቱ ሳይሆን በፊቱ ነበር። ፊቱ ምንም አይናገርም።

ይህን ያስተማረው የልጅነት አሠልጣኙ ነው። «ከመረቡ ማዶ ያለው ሰው የት እንዳመመህ ካወቀ» ይለው ነበር፣ «ኳሱን ሁሉ ወደዚያ ይልክብሃል። ስለዚህ አታሳየው።» ልጁም ተማረ። ቁርጭምጭሚቱ ሲዞርበት አያነክስም፤ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ያርፋል። ትከሻው ሲያቃጥለው ራኬቱን የሚመረምር ይመስላል። እንዲህ እያለ አደገ፣ እንዲህ እያለ ኖረ፣ እንዲህ እያለ አገባ።

ሚስቱ ሄስተር ትባላለች። ኒልስ የሚባል አንድ ልጅ ወለዱ። ዊበ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፕላንና በሆቴል ስለሚያሳልፍ፣ ኒልስ አባቱን በቴሌቪዥን ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ስክሪኑን በትንሽ እጁ እየነካ «አባቢ ግባ» ይለው ነበር አሉ።

ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው፣ በክረምት፣ ማጅራት ገትር ያዘው። ዊበ ውድድር አቋርጦ ደረሰ። ልጁ ግን በሦስተኛው ቀን ሞተ።

በቀብሩ ላይ ዊበ አላለቀሰም። ሄስተርም አላለቀሰችም። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው የእያንዳንዱን ቀባሪ እጅ ጨበጡ። ሰዎችም «እንዴት ያሉ ጠንካሮች ናቸው» ተባባሉ።

ከሳምንት በኋላ ዊበ ሻንጣውን አዘጋጀ።

«ትሄዳለህ?» አለችው።

«የገባሁት ውል አለ።»

«እሺ።»

ይኸው ነው የተባባሉት። እሱ «አትሂድ» እንድትለው ይጠብቅ ነበር። እሷ «አልሄድም» እንዲላት ትጠብቅ ነበር። በሩ ተዘጋ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ጨዋታው እንደተጀመረ፣ ተጫዋቾች ቦታ ሲለዋወጡ ለአጭር ጊዜ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ፣ ዊበ ፎጣውን ራሱ ላይ ጣለ። መጀመሪያ የነገርኳችሁ እሱን ነው። ሄስተር ቤት ሆና ታየው ነበር። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ «ዊበ ዛሬ በላብ ተጠምቋል» አለ። ሄስተር ቴሌቪዥኑን አጠፋች።

ዊበ ከዚያ በኋላ በየጨዋታው እንደዚያ ማድረግ ጀመረ። በልብስ መቀየሪያው ክፍል አንድ ጓደኛው ይቀልድበት ነበር፦ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ነህ ወይስ የሚያፈስ ጋን? ፎጣ አቅራቢዎቹን አከሰርካቸው እኮ።» ዊበም ከሌላው ጋር አብሮ ይስቃል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትከሻው አልታዘዝ ስላለው ጨዋታ አቆመ። ቤቱ ገባ። ከሚስቱ ጋር በአንድ ገበታ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ስለ አየሩ ያወራሉ፤ ስለ ጣሪያው ጥገና ያወራሉ። ኒልስን ግን አያነሱም። በመጨረሻ ሄስተር «እዚህ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው» ብላ ወጣች። ጭቅጭቅ አልነበረም። ተለያዩ።

እንግዲህ በእነሱ አገር አንድ ልማድ አለ። መቃብር ለዘለዓለም አይሰጥም፤ በውል ለዓመታት ይያዛል፣ ጊዜው ሲያበቃ ቤተሰቡ ይታደስ ወይም ይነሳ ብሎ ይወስናል። የኒልስም መቃብር ጊዜው ደረሰ። ዊበና ሄስተር ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በመቃብሩ አጥር ውስጥ ተገናኙ።

«እንዲታደስ እፈልጋለሁ» አለች። ለክርክር ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

«እኔም» አለ።

ቀና ብላ አየችው። «አንተም?»

«ምን መስሎሽ ነበር?»

«የረሳኸው መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ሄደህ ተጫወትክ። በቴሌቪዥን አየሁህ እኮ። ፊትህ ላይ አንድ ምልክት ፈለግኩ፣ አንድ ብቻ። አንተ ላብህን ትጠርጋለህ።»

ዊበ መሬት መሬት አየ። «አዳራሹ ብርድ ነበር፣ ሄስተር። ጨዋታው ገና መጀመሩ ነበር። ላብ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?»

«አንቺ ስታለቅሺ አይቼ አላውቅም። ቆመሽ ነበር። ብነካሽ የምትወድቂ መሰለኝ።»

«እኔ?» አለች። «ቤት በምትመጣ ጊዜ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ለምን ቀኑን ሙሉ ይሠራ ነበር? የታጠበውን ነበር መልሼ የማጥበው። ድምፄን እንዲሸፍንልኝ።»

«እኔ ደግሞ የንጽሕና አባዜ ያዛት እል ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። «እንግዲህ ሁለት ጊዜ ቀብረነዋል» አለች ሄስተር፣ «አንተ ለብቻህ፣ እኔ ለብቻዬ።» እጁን ያዘችው፣ ለቀቀችውም። ወደየቤታቸው ሄዱ። ቤታቸው የተለያየ ከተማ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ክፉ ነበር? አልነበረም። አሠልጣኙስ ተሳስቷል? በሜዳው ላይ አልተሳሳተም። ስህተቱ የመጣው ዊበ የሜዳውን ሕግ ይዞ ቤቱ ሲገባ ነው። ሚስቱ ከመረቡ ማዶ አልነበረችም። ከመረቡ ወዲህ፣ ከእሱ ጋር ነበረች። ይህን ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

እኛስ? እኛ ቴኒስ አንጫወትም። ግን ለቅሶ ቤት ገብተን ምንድን ነው የምንለው? «ቻይው፤ ለልጆችሽ ስትይ በርቺ።» ስንወጣስ? «ጀግና ናት፤ አንድ ቀን እንኳ ስትረታ አላየናትም።» ይህን የሰማች ሴት በማግስቱ በማን ፊት ታልቅስ? ንገሩኝ፣ በማን ፊት?

ድንኳኑ ይነሳል፤ ወንበሩ ለዕድሩ ይመለሳል። ከዚያ የሟቹ ስም ከቤቱ ይወጣል። አባት «እናቱን እንዳላስከፋት» ይላል። እናት «እሱ ደም ግፊት አለበት» ትላለች። ልጆች ሁለቱንም ይፈራሉ። ሁሉም ለሁሉም ሲሳሳ፣ ሁሉም ብቻውን ይቀራል። ፍቅር ነው እኮ። ዝምታው ከፍቅር የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ዝምታ መሆኑ አይቀርም።

ጌታችን በወዳጁ መቃብር አጠገብ ቆሞ አልቅሷል። ሊያስነሳው እንደሆነ ያውቅ ነበር። ቢሆንም የሟቹ እህቶች እያዩት፣ ጎረቤቶቹ እያዩት አለቀሰ። ያዩትም ሰዎች «እንዴት ይወደው እንደነበር እዩ» አሉ። በምን አወቁ? ስላሳያቸው ነው።

ታሪኩን ላጣፍጥላችሁ ብዬ ዊበና ሄስተር ታረቁ አልላችሁም። አልታረቁም። አንዳንድ ነገር ሲዘገይ የሚጠገን አይደለም፤ ይህን ማለት ለእኔም ቀላል አይደለም።

እናንተ ግን ገና በአንድ ጣሪያ ስር ናችሁ። አንዳችሁ ሳሎን፣ አንዳችሁ ጓዳ ብትሆኑም፣ መካከላችሁ ያለው አንድ በር ነው። ዛሬ ስትገቡ ያን በር ክፈቱና «እኔ ዛሬም ያመኛል፤ አንተስ?» በሉ። «አንቺስ?» በሉ። ምናልባት መልስ አይመጣም። ምናልባት «አሁን ምን አነሳሽው?» ትባላላችሁ።

ቢሆንም አጠገቡ፣ አጠገቧ ተቀመጡ። ቶሎ አትነሱ።